ቄጤማ ውስጥ የወደቀ ሽንብራ

ቡናው በረካ ደርሶ፣ እንግዶች ተመራርቀው ከተነሡ በኋላ ወለሉን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙ የለም። ሲኒው ይለቃለቃል፣ ረከቦቱ ጥጉን ይይዛል፤ ቄጤማው ግን እስከ ማታ፣ አንዳንድ ቤትማ እስከ ማግስቱ እንደተጎዘጎዘ ይቆያል። ከሥሩ ምን እንዳለ ለማወቅ መንበርከክ ያስፈልጋል፤ ለመንበርከክ ደግሞ አንድ ነገር መጥፋት አለበት። የእኔ የቤት ቁልፍ ነበር። ቁልፉን ፍለጋ ስዳክር ያገኘኋቸው እነዚህ ናቸው፦ ከቆሎ ሳህን ያመለጡ ሽንብራዎች፣ አልፈነዳም ብላ የተረፈች የፈንዲሻ በቆሎ፣ የለውዝ ክክ፣ የሸሚዝ አዝራር፣ ከማን አንገት እንደተበጠሰች ያልታወቀች ዶቃ፣ ከሞባይል ጋር የምትመጣው የሲም ካርድ መፈንቀያ ሽቦ። ልብ በሉ፣ ቤቱ ቄጤማው ከመጎዝጎዙ በፊት በደንብ ተጠርጎ ነበር።

ይህን ሁሉ ያለ ድካም የሚያይ አንድ የቤተሰብ አባል አለ፤ የሚድኸው። ዓይኑ ከወለሉ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቢርቅ ነው። አባወራውም እመቤቲቱም የማያውቁትን የቤት ዕቃ ዝርዝር እሱ በቃሉ ይዞታል። ያገኘውን ሁሉ ለአፉ ያቀብላል፤ ልስላሴውን፣ ቅዝቃዜውን፣ ማዕዘኑን በምላሱ ይመረምራል። ዓለምን የሚማርበት መንገድ ይኸው ስለሆነ ሊቆጡት አይገባም። ጎረቤት ግን ይቆጣል፤ «ይሄ ልጅ ርቦታል እንዴ?» ይላል።

ተፈጥሮ እዚህ ላይ አንድ ተንኮል ጨምራለች። የሕፃን ልጅ የፊት ጥርሶች ቀድመው ይወጣሉ፤ የሚፈጩት መንጋጋዎች ግን ዓመት ካለፈ በኋላ ጀምረው ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው ተሟልተው የሚያልቁት። ስለዚህ ዳዴ የሚለው ልጅ ለውዝ ሲያገኝ በፊት ጥርሱ ለሁለት ይከካዋል፤ ለማድቀቅ ግን መሣሪያ የለውም። የተከካው ለውዝ ደግሞ ልኩ የተመጠነለት ይመስል ከአየር ቧንቧው ጋር እኩል ነው። ሐኪሞች የአንድን ልጅ የአየር ቧንቧ ስፋት በግምት ለማወቅ ሲፈልጉ የራሱን ትንሿን ጣት ያያሉ። እቤት ልጅ ያለው አንባቢ አሁኑኑ ጠርቶ ትንሿን ጣቱን ቢያይ አይከፋም። ቧንቧው በግማሽ ከጠበበ አየር ለማለፍ የሚገጥመው ችግር በእጥፍ ብቻ አያበቃም፤ በስሌቱ 16 እጥፍ ይደርሳል። ለአዋቂ ሳል ብቻ የሆነ እብጠት ለእሱ የትንፋሽ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ድፍኑን ለውዝና ፈንዲሻ አትስጡ የሚባለውም ከዚሁ ሒሳብ የመጣ ነው።

ጉሮሮ ውስጥ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ወደ ሆድ፣ አንዱ ወደ ሳንባ። ወደ ሆድ የሚሄደው ለጋስ ነው፤ ማዶውም መውጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስድስት የሕፃናት ሐኪሞች የሌጎ አሻንጉሊት ጭንቅላት እያንዳንዳቸው ውጠው በስንት ጊዜ እንደሚወጣ ተከታተሉ። በአማካይ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም፤ 1.71 ቀን። አንዱ ግን ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ሳይንስ ሲባል ሁልጊዜ ነጭ ጋውንና ማይክሮስኮፕ ለሚታየን ሰዎች ይህ ጥናት ጥሩ ማስተካከያ ነው። (የሰዓትና የሪሞት ክብ ባትሪ ግን ከዚህ ለጋስነት ውጭ ነው፤ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተሰነቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ስለሚጀምር ቀጠሮ አይሰጠውም።) ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ መውጫው መግቢያው ብቻ ነው። እየቀጠነ፣ እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ ጫፉ ዝግ ነው።

ሽንብራዋ ጉንጭ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጥ ምንም ላትሆን ትችላለች። ወደማይሆነው መንገድ የሚያስገባት ትንፋሽ ነው፤ በድንገት ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ። ሳቅ፣ ለቅሶ፣ ሩጫ፣ ድንጋጤ። እንግዲህ ልጅ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያላምጥ ስናየው የምናደርገውን አስቡት። «ምንድን ነው አፍህ ውስጥ? ትፋ! አውጣ ብያለሁ!» እንጮሃለን። ልጁ ጨዋታ መስሎት ይሮጣል፤ እናባርረዋለን፤ እየሳቀ ይሮጣል፤ እንይዘዋለን፤ ያለቅሳል፤ ጣታችንን ጉሮሮው ድረስ እንልካለን። ድንጋጤ፣ ሩጫ፣ ሳቅ፣ ለቅሶ፣ አንዱም አልቀረ። አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ግን ከመሶቡ ላይ ቁራሽ ዳቦ አንሥተው፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ጎንበስ ብለው፣ «ና ማሙሽ፣ ያንን ስጠኝና ይሄን ውሰድ» ይሉ ነበር። ልውውጡ ሁልጊዜ ይሠራ ነበር። የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም፤ ሰባት ልጆች ነበሯቸው።

ታሪክ ውስጥ ሳንባው ገንዘብ ገብቶ በጣም የተወራለት ሰው ሕፃን አልነበረም፤ አባት ነበር። ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል፣ ያ በእንግሊዝ አገር ባቡርና ድልድይ፣ መርከብና ዋሻ የሠራው መሐንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 ለልጆቹ አስማት ሊያሳይ ብሎ የወርቅ ሳንቲም አፉ ውስጥ ደበቀ። ሳንቲሟ ሾልካ ወደ ቀኙ የሳንባ ቧንቧ ወረደች። ቀኙ ከግራው ይሰፋል፣ ቁልቁለትም ይበዛበታል፤ የወደቀ ነገር ወደዚያ ማዘንበሉ አይገርምም። የአገሩ ታላላቅ ሐኪሞች ተሰበሰቡ። አንገቱ ላይ ቀደው በጉጠት ሞከሩ፤ አልሆነም። ብሩኔል እንደ መሐንዲስ አስቦ የሚሽከረከር ሳንቃ አሠርቶ ነበር፤ በመጨረሻ እዚያ ላይ አሥረው ቁልቁል ዘቀዘቁት። ከወር በላይ ከቆየች በኋላ ሳንቲሟ ወደቀች። ለንደን ውስጥ «ወጣች! ወጣች!» እየተባለ ወሬው በመንገድ ተዳረሰ ይባላል። ልጆቹ አስማቱን አይተውት እንደሆነ ግን የጻፈ የለም።

በመሣሪያ ገብቶ ማውጣት የተቻለው ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመናዊው ጉስታፍ ኪልያን ከአንድ ገበሬ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ የአሳማ አጥንት አወጣ። ጥበቡን ወደ ሕፃናት ያወረደው ግን አሜሪካዊው ሼቫሊየር ጃክሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ተወለደ፤ በሁለቱም እጁ እኩል ይሥል ነበር፤ በአሻንጉሊት ላይ ይለማመድ ነበር። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ እያስገባ፣ በረጅም መቆንጠጫ እየያዘ፣ ከሰው ጉሮሮና ሳንባ ያወጣውን ሁሉ ለባለቤቱ ሳይመልስ አስቀመጠ። ዛሬ ፊላደልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም፣ በመሳቢያዎች ውስጥ በሥርዓት ተደርድረው የሚታዩት 2,374 ናቸው። አዝራር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሚስማር፣ አጥንት፣ የለውዝ ክክ፣ ትንንሽ መጫወቻ። «ለመልካም ዕድል ያዘኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሜዳሊያም አለ።

እነዚያ መሳቢያዎች እኔን የሚገርሙኝ ባለመግረማቸው ነው። ሰው ሙዚየም የሚሄደው ቤቱ የሌለውን ለማየት ነው፤ እዚያ ያለው ግን የማንኛችንም መሳቢያ ውስጥ ያለ ነው። ጃክሰን ይህ ስለገባው ይመስለኛል ከቱቦው ባልተናነሰ ለጥንቃቄ የደከመው። ለውዝ ለሕፃናት እንዳይሰጥ አጥብቆ ይመክር ነበር፤ ዘይቱ የሳንባን ቧንቧ ክፉኛ ያስቆጣልና። ባቄላና ሽንብራም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ማታ ዘፍዝፎ ያደረ ሰው ጠዋት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ የሳንባ ቧንቧ ውስጥም እርጥበት አይጠፋም። ሌላው የጃክሰን ትግል በቤት ውስጥ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ነበር፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1927 ወጣ። እኛ ዘንድ በረኪና በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ከሱቅ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሕግ ትዝ ይለኛል፤ እሱን ግን እዚህ ላይ ልተወው።

ልጆች ነገር አፋቸው ውስጥ መያዝን ከማን ይማራሉ? በርግጥ በተፈጥሯቸው ነው፤ ሦስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን እኛም አስተማሪዎች ነን። አናጢው ሁለት እጁ ሲያዝ ሚስማሩን በከንፈሩ ይይዛል። ልብስ ሰፊው ስፒሉን ይነክሳል። ሹሩባ የምትሠራዋ ልጅ የፀጉር ማስያዣውን በጥርሷ ከፍታ ታቀብላለች፤ በዚያ ላይ ወሬው አይቋረጥም። ነጋዴዋ ዝርዝር ስትመልስ ብሩን በከንፈሯ ትይዛለች። ተማሪው የእስክሪብቶውን ክዳን ሲያኝክ ይውላል። በቱርክና በግብፅ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ ሂጃባቸውን ሲያስተካክሉ ስፒሏን በከንፈራቸው የሚይዙ ወጣት ሴቶች፣ አጠገባቸው ያለች ጓደኛ አንድ ነገር ተናግራ ስታስቃቸው ስፒሏ ወደ ሳንባ ትገባለች። ራጅ ላይ ብሩህ ሆና ትታያለች፤ ብረት ናትና። ከዚህ የአዋቂ ጉባኤ መሐል ተቀምጦ ያደገ ልጅን «ነገር አፍህ ውስጥ አትክተት» ማለት ከባድ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ነገሩ ሲገባ ይታያል። ልጁ ትን ይለዋል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ይስላል፣ ዓይኑ ያነባል። ቤቱ ይተራመሳል። አናቱን መታ መታ የሚያደርግ አለ፣ ፊቱ ላይ እፍ የሚል አለ፣ ውኃ የሚያመጣ አለ፣ እንጀራ ጠቅልሎ «ይሄን ዋጥ» የሚልም አይታጣም፤ ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ መሆናቸውን ረስቶ። ከዚያ ሳሉ ይተወዋል። ልጁ ተነሥቶ ይጫወታል። ሁሉም «ተመስገን!» ይላል፤ ቡናው ይቀጥላል። ሐኪሞችን የሚያሳስባቸው ይህች የጸጥታ ጊዜ ናት። የገባው ነገር ከመተላለፊያው ዝቅ ብሎ አንዱን ቅርንጫፍ ይዞ ከተቀመጠ ገላ ይለምደዋል፤ ሳሉ ይደክማል። ሽንብራዋ ግን የትም አልሄደችም።

ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ያልፋል። ልጁን ማታ ማታ ያፍነዋል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። «ብርድ መታው» ይባልና ዳማከሴ ይጨመቃል። «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ዘመድ ይመጣና ቆራጭ ዘንድ ውሰዱት ይላል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሳንባ ምች ነው ተብሎ ሽሮፕ ይታዘዝለታል፤ ይሻለዋል። ሽሮፑ ሲያልቅ ይመለስበታል። በዚያው በኩል፣ በዚያው ቦታ። አስም ነው የሚልም አለ። ራጅ ይነሣል፤ ለውዝና ፕላስቲክ ራጅ ላይ አይታዩም። ልምድ ያለው ሐኪም የሚፈልገው ጥላውን ነው፤ አንደኛው ሳንባ ሲተነፍስ አየሩን አልለቅም ብሎ ተነፍቶ እንደሆነ ያያል፤ በማዳመጫው አንዱ ወገን ከሌላው ጸጥ ብሎ እንደሆነ ይሰማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል።

«እናት፣ ልጁን በቅርብ ጊዜ ትን ብሎት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ዶክተር።»

እውነቷን ነው። ሥራ ላይ ነበረች። ያየችው ሌላ ሰው ናት። ምናልባት የሰባት ዓመት እህቱ፣ ከራሷ ድርሻ ላይ ለውዝ ያጎረሰችው በፍቅር ነበር፤ ጉርሻ ካደገችበት ቤት የተማረችው ነውና። ምናልባት የቤት ሠራተኛዋ፣ «ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ወየውልሽ» ተብላ የተቀጠረችው። ልጁ ትን ብሎት ሲሻለው ሁለቱም በልባቸው ተመስገን አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ለምን ይናገራሉ? የተናገረ ምን እንደሚገጥመው ያውቁታል። ስለዚህ ወሳኟ ምስክር እቤት ምሳ እየሠራች ነው፤ ሆስፒታል የመጣው ምንም ያላየው ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች የራጁን ጥራት፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ስንት ሽንብራ በቁጣ ፍርሃት ተሸፍኖ እንደቀረ አስባለሁ። አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ሠራተኛ ስትቀጥር የመጀመሪያ ቀን የምትነግራት ይህን ነው፦ «ብርጭቆ ብትሰብሪም፣ ወተት ቢገነፍልም፣ ልጁ ቢወድቅም ንገሪኝ። የምቆጣው ያልነገርሽኝን ብቻ ነው።» ቃሏን መጠበቅ ቀላል እንዳልሆነላት ትናገራለች። የመጀመሪያው ብርጭቆ ውድ ነበር።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ልጁ ተኝቶ፣ ቱቦ በአፉ ገብቶ፣ ነገሩ ተይዞ ይወጣል። ሰመመን ሰጪውና ሐኪሙ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ተካፍለው ይሠራሉ፤ አንዱ አየር ያስገባባታል፣ አንዱ ሽንብራ ያወጣባታል። ይህን የሚሠሩ የአንገት በላይ ሐኪሞችና መሣሪያው በየከተማው አይገኙም፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር ሪፈር ተጽፎለት፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ አለ። መንገዱ ላይ ስትወዘወዝ የነበረችው እቤቱ ጓሮ የበቀለች ባቄላ ልትሆን ትችላለች።

ድንገት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ግን ሪፈር የለም፤ ያለው ሰው ነው። ልጁ በኃይል እየሳለ፣ እያለቀሰ ከሆነ ሳሉን አትከልክሉት፤ ከሳል የተሻለ መሣሪያ እጃችን ላይ የለም። ድምፁ ከጠፋ፣ መሳልም ማልቀስም ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ነው እኛ የምንገባው። ዓመት ያልሞላውን በክንዳችን ላይ በደረቱ አስተኝተን፣ ራሱ ከገላው ዝቅ ብሎ፣ ትከሻዎቹ መሐል በመዳፍ ሥር አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርገን መምታት፤ ካልወጣ አገላብጦ ደረቱን መሐል ላይ አምስት ጊዜ መጫን፤ እያፈራረቁ መቀጠል። ከዓመት በላይ ለሆነው ጀርባውን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ከኋላው ተንበርክኮ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ሳብ ማድረግ። ይህ ሆድን መሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐኪሙ ሄንሪ ሄምሊክ ያስተዋወቀው ነው። እየተሠራ እርዳታ ይጠራ፤ ልጁ ራሱን ከሳተ ደረቱን እየጫኑ እስትንፋስ ወደ መስጠት ይታለፋል። ነገሩ በዓይን ካልታየ ጣት አይላክ፤ በጭፍን የገባ ጣት ቡሽ ይወትፋል። አናት መምታቱስ? አናት መምታት ለመቺው ጭንቀት ጥሩ ነው።

መንግሥታትም በበኩላቸው መላ ሞክረዋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻን በአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ይፈትኑታል። አፏ 3.17 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ውስጧ ገብቶ የሚቀመጥ ማንኛውም ቁራጭ አይሸጥም። ሲሊንደሯን የማያገኝ ወላጅ ባዶ የሶፍት ካርቶን ይጠቀማል፤ ትንሽ ይሰፋል፣ በመስፋቱ አይጎዳም። እዚህ መርካቶ ደርሶ ካርቶኑ ወልቆ፣ መሬት ላይ በሸራ ተዘርግቶ የሚሸጠው መጫወቻ ግን «ከ0 እስከ 3 አይሆንም» የሚለው የሕፃን ፊት ምልክቱ ከካርቶኑ ጋር ቀርቷል። ፊኛ ደግሞ ሲሊንደር አይፈራም። ልደት ካለፈ በኋላ የፈነዳውን ፊኛ ቁራጭ ከንፈራቸው ላይ ዘርግተው ወደ ውስጥ እየሳቡ ጥቃቅን ፊኛ የሚሠሩ ልጆችን ያላየ የለም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጎበዝ ነበርኩበት። የሚለጠጥ ነገር የጉሮሮን ቅርጽ ይዞ ስለሚያሽግ ከመጫወቻ ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ከመላዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ የእስክሪብቶ ክዳን ነው። ቢክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ክዳኑ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያበጅለታል። ብዙ ሰው ቀለሙ እንዳይደርቅ፣ ወይም ፕላስቲክ ለመቆጠብ ይመስለዋል። ቀዳዳዋ የተሠራችው ክዳኑ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ ቢሰነቀር አየር እንድታሳልፍ ነው። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜ ሲቀያየር ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። የድሮውን ድፍን ክዳን ከንፈር ላይ አድርገን እንደምናፏጨው ዛሬም ያፏጫሉ። ባለ ቀዳዳው ክዳን ግን አያፏጭም፤ አየሩ በጫፉ ያመልጣል። ይህን ያወቀ አንድ የሦስተኛ ክፍል ሊቅ ቀዳዳዋን በማስቲካ ደፍኗት ነበር።